የእርሳስ የመልክ ሥዕል፦ ግንባሩ ለምን ይረዝማል? መስመሩስ ለምን ይንቀጠቀጣል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ጅማ ነው። ከፎቶግራፍ እያየሁ የሰዎችን መልክ በእርሳስ እሥላለሁ፤ አንዳንድ ጊዜም ይከፈለኛል። የምሠራው ማታ ነው። በርጩማ ላይ ተቀምጬ ወረቀቱን ዝቅ ያለች ጠረጴዛ ላይ አጋድማለሁ፤ ስልኬን ከጎኑ አስቀምጣለሁ። በሦስት ነገር ተቸግሬአለሁ። መስመሬ ይንቀጠቀጣል፤ ፀጉር ያበቀለም ይመስላል። ያሠሩኝ ሰዎች ‹መልኩን ይመስላል፣ ግን ግንባሩ ረዘመ› ይሉኛል። ሁለት ሰዓት ያህል ከሠራሁ በኋላ ደግሞ ማጅራቴንና የአውራ ጣቴን ሥር ያመኛል። የተሻለ እርሳስ ልግዛ? ወይስ እጄ ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ለእርሳስ ያሰብሽውን ገንዘብ ለጊዜው አስቀምጪው። በእጅሽም ላይ ገና አትፍረጂ። ሦስት ብለሽ የቆጠርሻቸው ችግሮች ምንጫቸው አንድ ነው፤ እሱንም ሳታስቢው ራስሽ ጽፈሽልኛል፦ ያቺ ዝቅ ያለች ጠረጴዛ ናት።

ከግንባሩ ልጀምር፤ ነገሩን ያሳበቀብሽ እሱ ነውና። ጀማሪ ሠዓሊ ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው በተቃራኒው ነው። ዓይንን ወደ ላይ ይሰቅልና ግንባርን ያሳጥራል፤ ትኩረቱ ሁሉ ዓይን፣ አፍንጫና አፍ ላይ ስለሆነ ለአናት ቦታ አይተርፈውም። የአዋቂ ሰው ዓይን የሚገኘው ከአናት ጫፍ እስከ አገጭ ባለው ርዝመት ግማሽ አካባቢ ነው፤ ይህን ለክቶ ያላየ ሰው ሲነግሩት አያምንም። አንቺ ግን ግንባር አረዘምሽ ተባልሽ። ስለዚህ ልኬት አለማወቅ ሳይሆን ሌላ ነገር አለ ብዬ ጠረጠርኩ።

ወረቀት ተጋድሞ ከፊቱ ስትቀመጪ የታችኛው ጠርዝ ለዓይንሽ ይቀርባል፤ የላይኛው ይርቃል። የራቀው ክፍል ተጨምቆ፣ አጥሮ ይታያል። አገጩን በልኩ ትሠሪያለሽ፤ ወደ ላይ በወጣሽ ቁጥር ግን ከተቀመጥሽበት ሆኖ ትክክል እንዲመስልሽ ሳታውቂው ትንሽ ትንሽ ታስረዝሚያለሽ። ሥዕሉ ግድግዳ ላይ ሲቆም መጨመቁ ይጠፋል፤ የጨመርሽው ርዝመት ግን እዚያው ይቀራል። ዛሬ ማታ ሞክሪው። የጨረስሽውን አንድ ሥዕል ግድግዳ ላይ አቁመሽ ሁለት ሜትር ያህል ርቀሽ እዪው። ከዚያ መልሰሽ ጠረጴዛዋ ላይ አጋድሚውና ከተለመደው ቦታሽ ሆነሽ ተመልከቺው። ግንባሩ ዓይንሽ እያየ ያጥራል።

ይህን ያወቅሁት በራሴ ላይ ደርሶ ነው። ወጣት ሳለሁ የአያቴን መልክ ሦስት ሳምንት ለፍቼ ሠራሁ። ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ከበሩ ሆኜ ሳየው ግንባሯ የእሷ አልነበረም። ደጋግሜ ለካሁ፣ ላጲሱ ወረቀቱን እስኪበላው ድረስ አረምኩ። ሆኖም የማርመው ያው ጠረጴዛ ላይ አጋድሜ ስለነበር ስሕተቱ ተመልሶ ይመጣ ነበር። አያቴ ሥዕሉ ሳይስተካከል አረፈች። ዛሬም ተማሪ ወረቀቱ ላይ አጎንብሶ ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ የማልችለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ አቀማመጥሽ። የጅማን በርጩማ እወደዋለሁ። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ በሦስት እግር ስለሚቆም ወለሉ ቢጎረብጥም አይወላገድም። ለቡና ሥነ ሥርዓት የሚስተካከለው የለም። ለረጅም ሥዕል ግን ዝቅ ይላል። ጉልበት ከዳሌ ከፍ ሲል ወገብ ወደ ኋላ ይጎብጣል፣ ትከሻ ወደ ፊት ይወድቃል፣ አንገት ይከተላል። የአዋቂ ሰው ራስ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ቀጥ ብሎ ሲቆም አከርካሪሽ ይሸከመዋል፣ አጎንብሶ ሲንጠለጠል ግን የሚሸከሙት የማጅራትሽ ጡንቻዎች ናቸው። ለሁለት ሰዓት እንዲያ ተሸክመው ባያምሙሽ ነበር የሚገርመው። እጅሽም የዚህ ሁሉ መጨረሻ ነው፤ የተወጠረ ትከሻ የላላ መስመር አያወጣም።

ተራ የምግብ ጠረጴዛ ወንበር ይበቃሻል። ዳሌሽ ከጉልበትሽ እኩል ወይም በትንሹ ከፍ ይበል፤ ካልደረሰ ጋቢ አጥፈሽ ከሥርሽ አድርጊ። ሁለቱም እግሮችሽ ወለሉን ይርገጡ፤ እግር ማጣመር ወገብን ያጣምማል። አናጢ ቤት ሄደሽ 40 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ ቺፑድ አስቆርጪ፤ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አስለስዪው። የታችኛውን ጠርዝ ጭንሽ ላይ፣ ጀርባውን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስደግፊው። ሰሌዳው ምን ያህል መቆም እንዳለበት በዲግሪ ብነግርሽ አይጠቅምሽም። ይልቅ እርሳስሽን ሰሌዳው ላይ እንደተመታ ምስማር ወረቀቱ መካከል ላይ ቀጥ አድርገሽ አቁሚው። ወረቀቱን ያልነካው ጫፉ ወደ ሁለቱ ዓይኖችሽ መካከል ካመለከተ ሰሌዳው ልክ ነው፤ ወደ ጣሪያው ካመለከተ አሁንም ተጋድሟል። ርቀቱ ክንድሽን ዘርግተሽ ልትጨርሺ ስትቃረቢ ጣቶችሽ ወረቀቱን የሚነኩበት ያህል ይሁን፤ ለብዙ ሰው 60 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። መጀመሪያ ሩቅ ይመስልሻል። ጥቂት ቀን ታገሺ።

ስልኩን ደግሞ ከጠረጴዛዋ ላይ አንሺው። ዓይንሽ ከትንሽ ብርሃናማ መስታወት ወደ ወረቀት፣ ከወረቀት ወደ መስታወት ሲመላለስ አንገትሽም አብሮ ይመላለሳል፤ በየመንገዱም ልኬቱ ይጠፋል። ፎቶግራፉን ፎቶ ቤት አሳትሚና ከሥዕልሽ መጠን ጋር አንድ አድርጊው። በቀኝሽ የምትሠሪ ከሆነ በስተ ግራሽ፣ እዚያው ሰሌዳ ላይ፣ ከወረቀቱ እኩል ከፍታ ላይ በፕላስተር ለጥፊው። ያኔ ራስሽን ሳታንቀሳቅሺ ዓይንሽን ብቻ ታዞሪያለሽ፤ የቅንድቡን ከፍታ ከአንዱ ወደ ሌላው በአግድም ማስተላለፍም ትችያለሽ። መብራቱም ከግራሽ ይምጣ፤ አለበለዚያ የእጅሽ ጥላ የምትሠሪበት ነጥብ ላይ ያርፋል። መብራት ሲጠፋ በስልክ ባትሪ ብርሃን ለመጨረስ አትሞክሪ። የፎቶግራፍን ነገር ካነሣን ደግሞ ደንበኞችሽ ቅርብ ሆነው ራሳቸው ያነሡትን ፎቶግራፍ አትቀበዪ። ከአንድ ክንድ ርቀት የተነሣ ፊት አፍንጫው ይገዝፋል፣ ጆሮው ይሸሻል። ሌላ ሰው ሁለት ሜትር ያህል ርቆ ያንሣቸው።

በየ25 ደቂቃው ተነሺ። ከሰሌዳው ሦስት እርምጃ ራቂ፣ ትከሻሽን አሽከርክሪ፣ ሥዕሉን ከሩቅ እዪ፤ ከቻልሽ በመስታወት ገልብጠሽ ተመልከቺው። ዓይን ለምዶ የዘለለውን ጠማማነት መስታወት ወዲያው ያወጣዋል። የአውራ ጣትሽ ሕመም አቀማመጥሽን ካስተካከልሽ በኋላም ካልቀነሰ፣ ወይም ሌሊት አውራ ጣትሽንና ሁለቱን ተከታይ ጣቶች የሚያደነዝዝሽ ከሆነ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። በጅማትና በነርቭ ላይ የሚደርስ ጉዳት በጀግንነት አይታለፍም።

አሁን ወደ መስመሩ እንምጣ። ፀጉር ያበቀለ መስመር የሚባለው ከአጫጭር ጭረቶች የተቀጣጠለ መስመር ነው። ለምን እንደሚመጣ እጅሽን ጠረጴዛ ላይ አሳርፈሽ በጣቶችሽ ብቻ መስመር በመሳብ ታውቂዋለሽ፤ ከ3 ወይም ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ አትሄጅም። ጣት ለፊደል የተገራ ነው። ሀሁ የቆጠርነው፣ ከዚያም በኋላ ዓመታት ሙሉ ደብተር ላይ የጻፍነው እንዲያ ይዘን ነው። ከጆሮ ሥር ተነሥቶ አገጭ የሚደርሰው የመንጋጋ መስመር ግን በአንድ ኤ3 ወረቀት ላይ 12 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር ሊሆን ይችላል። በጣት ስትስቢው ሦስት አራት ቦታ ትቀጥያለሽ፤ በየመቀጠያው አቅጣጫው ትንሽ ይስታል፣ የሳተውን ለመሸፈን ሌላ ጭረት ትደርቢያለሽ። መስመሩ የሚንቀጠቀጠው እንዲህ ነው። ሰሌዳው ቆሞ አንቺ ከራቅሽ በኋላ ግን እጅሽን መዳፉ ላይ ማሳረፍ ስለማትችይ ክርንሽና ትከሻሽ ሳይወዱ ወደ ሥራው ይገባሉ። በመስመር ላይ ያለኝን ምክር ከወንበር የጀመርኩት ለዚህ ነው።

ረጃጅሞቹን መስመሮች፣ ማለትም የራስን ክብ፣ የአንገትን ዘንግ፣ የትከሻን ቁልቁለት በትከሻ ሳቢ። መንጋጋንና የፀጉርን ዳርቻ በክርን። ዓይንና ከንፈር አካባቢ ሲደርስ የእጅ አንጓና ጣት ተራቸው ነው፤ ያኔ ትንሿን ጣትሽን ብቻ ወረቀቱ ላይ እንደ ምርኩዝ አሳርፊ። እርሳሱን ለረጃጅሞቹ መስመሮች እንደ ብዕር አትያዢው። መዳፍሽ ወደ ወረቀቱ ዞሮ፣ እርሳሱ ከመዳፍሽ ሥር ተጋድሞ፣ በአውራ ጣትና በቀሩት ጣቶች መካከል ላላ ብሎ ይቀመጥ። ምን ያህል ላላ ካልሽ፣ አጠገብሽ ያለ ሰው ከእጅሽ መዝዞ ሊወስደው ሲፈልግ ሳይታገል የሚወጣለት ያህል። የአውራ ጣትሽ ሥር የሚያምሽ ስለምትጨብጪው ነው። የምትጨብጪውም መስመሩ እንዳያመልጥሽ ስለምትፈሪ ይመስለኛል።

ፍርሃቱን የሚያስወግድ አንድ ልማድ አለ፤ ከምነግርሽ ሁሉ አንዱን ብቻ የምትወስጂ ከሆነ ይህን ውሰጂ። መስመሩን ከመሳልሽ በፊት እርሳሱን ከወረቀቱ ትንሽ አንሥተሽ መንገዱን በአየር ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላለሺበት። ክንድሽ መንገዱን ሲለምደው እዚያው እንቅስቃሴ ላይ እያለሽ ዝቅ በዪና ወረቀቱን ንኪ። ዓይንሽ የእርሳሱን ጫፍ አይከተል፤ መስመሩ የሚያርፍበትን ነጥብ ይጠብቅ። ባዶ ሜዳ ላይ በሬ የሚጠምድ ገበሬ ትልሙን ቀጥ የሚያደርገው እርፉን እያየ ሳይሆን የሜዳውን ዳር እያየ ነው፤ ያው ነው። ትንፋሽሽን አትያዢ፣ እያስወጣሽ ሳቢ። በጣም በዝግታ የተሳበ መስመር የልብ ትርታን ሳይቀር ይመዘግባል፣ ስለዚህ ከለመድሽው ትንሽ ፈጠን በዪ። መስመሩ ከሳተ አትደራርቢበት፤ ትክክለኛውን ከጎኑ ስበሽ የመጀመሪያውን በኋላ አጥፊው። መጀመሪያ ቀለል አድርገሽ ከሳብሽ ይጠፋል። ጫን ብለሽ ከሳብሽ ግን እርሳሱ ወረቀቱን ያርሰዋል፤ ጥቁሩ በላጲስ ቢወጣ እንኳ ቦዩ ይቀራል፣ በኋላ ጥላ ስትሰጪበት እንደ ነጭ ጠባሳ ብቅ ይላል።

ልምምዱን ጅማ ውስጥ ለማግኘት ሩቅ አትሂጂ። ቡና በተፈላ ቁጥር ሲኒው ፊትሽ አለ። የሲኒን አፍ ከጎን ስታዪው ሞላላ ነው፤ በአንድ እንቅስቃሴ፣ እጅሽን ሳታነሺ ሁለት ጊዜ ዙሪበት። አሥር ሲኒ ከሣልሽ በኋላ የዓይን ብሌንን ክብ መሥራት ቀላል ይሆንልሻል። ጀበናን ደግሞ ከአንገቱ እስከ ሆዱ በአንድ የትከሻ መስመር አውርጂው፤ ከአንገት ወደ ትከሻ የሚወርደው የሰው መስመር የቅርብ ዘመዱ ነው። ጅሬን ወጥተሽ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት የእንጨት ምሰሶዎች መሥራት ለቀጥተኛ መስመር ይጠቅማል። የሐሙስ ገበያ ቀን ሂርማታ ዳር ቆመሽ የሚያልፉ ሰዎችን ራስና ትከሻ ብቻ፣ በአንድ ሰው አምስት መስመር፣ ያዢ። ፊታቸውን ተዪው። ሰው ከሩቅ የሚለየው በአንገቱ አቀማመጥ ነው፤ ይህ በመልክ ሥዕል ውስጥ የሚናቅ፣ እኔ ግን ከዓይን ቅንድብ በላይ የምጠነቀቅለት ነገር ነው።

ፊት ላይ ስትደርሺ ጥያቄው ይለወጣል። እዚህ ችግሩ መስመር ማውጣት ሳይሆን የት እንደማይወጣ ማወቅ ነው። ብዙዎቻችን ፊትን እንደ ካርታ ድንበር እንከብበዋለን። እውነተኛ ፊት ላይ ግን ድንበር የለም፤ ብርሃን የሚያልቅበትና ጥላ የሚጀምርበት ቦታ ነው ያለው። አፍንጫን በሁለት ጎን መስመር አታሥሪው። የቀዳዳዎቹ ጥላና ከአፍንጫው ጫፍ ሥር ያለው ጥላ ከተቀመጠ አፍንጫው ራሱ ይቆማል። የከንፈር እውነተኛ መስመር ሁለቱ ከንፈሮች የሚገናኙበት ነው፤ እሱም እኩል አይደለም፣ ጥጎቹ ላይ ይጠቁራል፣ መሃሉ ላይ ይላላል። የታችኛውን ከንፈር ጠርዝ አትከልዪው፤ ከሥሩ ያለችው ትንሽ ጥላ ታወጣዋለች። የላይኛው የዓይን ሽፋን ወፍራምና ጥቁር ይሁን፣ ራሱ ብሌኑ ላይ ጥላ ስለሚጥል። የታችኛው ቀጭንና የተቆራረጠ ይሁን። ጥርስ በሚታይበት ፈገግታ በየጥርሱ መካከል መስመር ካስገባሽ ሰውየውን ያረጀ ታስመስዪዋለሽ፤ የጥርሶቹን አጠቃላይ ቅርጽ ያዢ፣ ከድዱ አጠገብ ትንሽ ምልክት አድርጊ፣ በቃ። መንጋጋው ብርሃን ባለበት በኩል መስመሩ እስኪጠፋ ድረስ ይቅጠን፤ ከአገጭ ሥርና ከጆሮ ሥር ይወፍር። ከብዶና ቀልሎ የማይሄድ መስመር ልክ ቢሆንም ሕይወት አይኖረውም።

የፀጉር ነገር ለብቻው ነው። ሹሩባ የተሠራች ሴት ስትሥዪ ዕድለኛ ነሽ። የሹሩባው መስመሮች የራስ ቅሉን ጉብታ ተከትለው ከግንባር ወደ ማጅራት ይሄዳሉ፤ ፊት ለፊት ያሉት ሰፋ ብለው፣ ወደ ጎን ሲዞሩ እየተጠጋጉ። የቅርጽን ክብነት በጭረት የማሳየት ትምህርት ሹሩባ ሠሪዋ ቀድማ ሠርታልሻለች። ይህንኑ ትምህርት ወደ ጉንጭና ወደ ግንባር ውሰጂው፤ ጥላ ስትሰጪ ጭረቶችሽ ጉንጩን ይዙሩ እንጂ በላዩ ላይ ቀጥ ብለው አይለፉ። የተፈታና የተጠቀለለ ፀጉር ከሆነ ግን ፀጉር በፀጉር አትቁጠሪ። መጀመሪያ እንደ አንድ ጥቁር ክምር በጥላ ሙዪው፣ ከዚያ ዳር ዳሩ ላይ ብቻ ጥቂት ጥቅልሎችን አውጪ።

የጠይም ወይም የጥቁር ሰው ፊት ስትሠሪ በጣትሽ እያሸሽ አታጥቁሪው። የጣት ቅባት ወረቀቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ ፊቱም ጭቃ ይመስላል። ቀላል ጭረት በቀላል ጭረት ላይ ሦስት አራት ጊዜ ደርቢ። የግንባሩን፣ የጉንጭ አጥንቱንና የአፍንጫውን ብርሃን ከመጀመሪያው ጠብቂው፤ በጥቁር ቆዳ ላይ መልክን የሚያነበው ሰው በእነዚህ ብርሃኖች ነው። በጣም ጥቁሩን ለብሌን፣ ለአፍንጫ ቀዳዳና ለከንፈሮች መገናኛ አቆዪው።

እርሳስን በተመለከተ፣ ከጠንካራው ወደ ለስላሳውና ጥቁሩ ኤችቢ፣ 2ቢ እና 4ቢ የሚል የተጻፈባቸው እርሳሶች ካሉሽ ለአንድ ዓመት ሌላ አያስፈልግሽም። የእርሳስ ልብ ግራፋይትና ሸክላ አፈር ተደባልቀው የተጋገሩ ናቸው፤ ፈረንሳዊው ኮንቴ ይህን አሠራር በ1795 እ.ኤ.አ. በፈጠራ መብት አስመዝግቦታል። ሸክላው ሲበዛ ልቡ ይጠነክርና ይነጣል፣ ግራፋይቱ ሲበዛ ይለሰልስና ይጠቁራል። ስለዚህ ጥቁር ስትፈልጊ ኤችቢውን ከመጫን ወደ 4ቢው ተሻገሪ። በመቅረጫ ብቻ አትቅረጪ፤ በምላጭ ልቡን 1 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል አውጪው። ያኔ በጫፉ ቀጭን፣ በጎኑ ሰፊ መስመር ከአንዱ እርሳስ ታገኛለሽ።

አንድ የጅማ ነገር ሳልነግርሽ አላልፍም። በክረምት የከተማችን አየር እርጥብ ነው፣ ወረቀትም እርጥበት ይጠጣል። የረጠበ ወረቀት ላይ ጫን ያለ መስመር ቦይ ያወጣል፣ ላጲስም ያቆስለዋል። ወረቀትሽን በላስቲክ ጠቅልለሽ ከወለል ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጪ፤ ስትሠሪም ከእጅሽ ሥር ንጹሕ ቁራጭ ወረቀት አድርጊ።

ለሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት የሚከፈልበት ሥራ ካልቸገረሽ በስተቀር አትቀበዪ። በየቀኑ አሥር ደቂቃ ባለፈ ጋዜጣ ላይ የትከሻ መስመር ሳቢ፤ ከዚያ አንድ መልክ፣ በቆመ ሰሌዳ ላይ ጀምሪ። መጀመሪያ ላይ ሥዕልሽ ካሁኑ ይልቅ የከፋ ይመስልሻል፤ ክንድሽ አዲስ ሥራ ላይ ነውና አትደንግጪ። ሲያልቅ ፎቶግራፉን ላኪልኝ። አብረሽ ደግሞ ስትሠሪ ከጎንሽ የተነሣሽውን አንድ ፎቶግራፍ ጨምሪ፤ ወንበሩ፣ ሰሌዳውና አንገትሽ የሚታዩበት ይሁን። መጀመሪያ የምከፍተው እሱን ነው።